ውጭ ሀገር ተማሪ መላክ ለሐረር ስንት አተረፈላት?

የሐረር ገበያ ወደ ውጭ ስለሚልከው ሸቀጥ ሲነሳ ቡና፣ ጫት፣ ቆዳ፣ በድሮው ዘመን ደግሞ የዝሆን ጥርስ ይጠቀሳሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የማያውቅ አንድ ሌላ «ወጪ ንግድ» ግን አለ። እርሱም ተማሪ ነው። ከሐረርና ከአካባቢው ወደ ባዕድ ዋና ከተማ ሄዶ መማር የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ ለሃይማኖት ትምህርት የሚሄደው ሰው ዓይኑን የሚጥለው ካይሮ ላይ ነበር። በጥንታዊው አል አዝሃር ውስጥ ከእኛ አካባቢ ለሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች «የጀበርት ሪዋቅ» የሚባል የተለየ ማደሪያ ተሰጥቷቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አቅጣጫው ወደ ሮም፣ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስበርግ፣ ወደ በርሊን ዞረ።

ቡና ሲላክ ዋጋው ተመልሶ ይመጣል። ደረሰኝ አለው፣ ቀረጥ አለው፣ በባንክ በኩል የሚገባ ምንዛሪ አለው። ተማሪ ሲላክ ግን ተመላሹ ምንድን ነው? መቼ ይመጣል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እጅ ይገባል? ዛሬ በሐረርና በአወዳይ አንድ ቤተሰብ ልጁን ለአንድ ሴሚስተር እንኳ ውጭ ልኮ ለማስተማር ሲያስብ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱን ለማግኘት ከ130 ዓመት በፊት የተከፈተውን የሂሳብ መዝገብ ማገላበጥ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ክፍያ በሮም

ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ውጊያ በኋላ ሐረርን ሲይዙ ለአስተዳደር የመረጧቸው ራስ መኮንንን ነበር። በጊዜው ሐረር የሀገሪቱ ዋነኛ የውጭ ንግድ በር ነበረች። ከዘይላና ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ጠመንጃና አቡጀዲ በዚያ ይገባል፤ የሚወጣው ቡናና የዝሆን ጥርስም በዚያ ያልፋል። ስለዚህ የሐረር ገዥ የጦር አለቃ ብቻ ሳይሆን ትልቅ የገቢ ምንጭ ጠባቂም ነበር።

የውጫሌ ውል በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ራስ መኮንን የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ተሻገሩ። በዚያም ወራት ቆዩ። ጊዜው በዛሬው አነጋገር አንድ ሴሚስተር ቢባል ብዙ አይራራቅም። ቤተ መንግሥቱን፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካውን፣ ባንኩን ተመለከቱ። በ1882 ዓ.ም. መግቢያ ላይም የውጫሌን ውል የሚያሟላ ተጨማሪ ስምምነት ፈረሙ። በስምምነቱ መሠረት ኢትዮጵያ ከአንድ የኢጣሊያ ባንክ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች። ለዕዳው መያዣ የሆነው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው።

ከዚህ ላይ ለነጋዴ አንባቢ ግልጽ የሚሆን አንድ ነገር አለ። አንድ ከተማ በበሮቿ የምታስገባው ቀረጥ ባሕር ማዶ ለተጻፈ ወረቀት ዋስ ሆነ ማለት ነው። በውጫሌ ውል በአንቀጽ 17 በአማርኛውና በኢጣሊያንኛው ጽሑፍ መካከል የነበረው ልዩነት ያስከተለው ጣጣም እስከ ዐድዋ ጦርነት ድረስ አደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን አፍርሰው ብድሩን ከፍለዋል። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈን ሰነድ አንብቦ የሚረዳ የራስ ሰው አለመኖሩ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከራስ መኮንን የበለጠ በቅርብ ያየ መኳንንት ጥቂት ነው።

ከሐረር ወደ ቅዱስ ጴጥሮስበርግ

በራስ መኮንን ቤት ካደጉት ልጆች መካከል አንዱ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላሉ። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ሐረር ገቡ። በ1888 ዓ.ም. የራስን ጦር ተከትለው ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ራስ መኮንን ብላቴናውን ሊዮንቲየፍ ለሚባለው ሩሲያዊ አደራ ሰጥተው ወደ ሩሲያ እንዲሄዱ አደረጉ። ቅዱስ ጴጥሮስበርግ ያን ጊዜ የሩሲያ ዋና ከተማ ነበረች። ተክለ ሐዋርያት በአንድ የሩሲያ መኮንን ቤተሰብ ዘንድ አደጉ፤ በሚካኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤትም ሰለጠኑ።

በሂሳብ ዓይን ሲታይ ይህ የረጅም ጊዜ መዋዕለ ንዋይ ነው። ቆይታው ከ10 ዓመት በላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለሐረር የተመለሰ አንድም ሳንቲም የለም። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ይባስ ብሎ ላኪው ተላኪው ሳይመለስ ሞተ። ራስ መኮንን በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ተክለ ሐዋርያት ገና ሩሲያ ነበሩ። ልጁን በየትኛው ሥራ ላይ ሊያሰማሩ አስበው እንደነበር የሚያውቁት ራስ አብረው ይዘውት ሄዱ።

የተመለሱት ወጣት በመድፍ ትምህርት ቢሰለጥኑም ትልቁ ሥራቸው የተገኘው በመድፍ አይደለም። ሁለት ስፍራ ላይ ነው። አንደኛው በጨርጨር ነው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜ አውራጃውን ለሌላው ግዛት አርአያ የሚሆን አስተዳደር ለማድረግ ተነሱ። አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለው ከተማ ማለት ነው። ሹማምንት ከባላገሩ እንዳሻቸው ከመሰብሰብ ይልቅ ግብር በደንብ እንዲወሰን፣ አስተዳደሩም በሥርዓት እንዲካሄድ ጣሩ። የጨርጨር ቡና የሐረር ቡና በሚባለው ስም ገበያ የሚወጣ በመሆኑ ለቡና ነጋዴ የሥርዓት ትርጉሙ ቀላል ነው። ገበሬው ምን ያህል እንደሚከፍል ካወቀ ይተክላል፤ ካላወቀ አይተክልም።

ሁለተኛው በአዲስ አበባ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት፣ የጃፓንን የ1889 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት መነሻ በማድረግ አረቀቁ። በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የሀገራቸውን ጉዳይ ተሟገቱ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ሰነድ የሚያነብ ብቻ ሳይሆን የሚመልስም ሰው ተገኘ ማለት ነው። ከስደት በኋላ ሂርና ላይ እያረሱ ኖረው በ1969 ዓ.ም. አረፉ።

ታዲያ ለሐረር ከተማ ምን ደረሳት? በመዝገቡ ላይ ወጪው «ሐረር» ተብሎ ተጽፏል። ገቢው ግን በአብዛኛው የተመዘገበው በጨርጨርና በአዲስ አበባ ስም ነው።

ባቡሩ ሐረርን ሲያልፍ

ይህ ዓይነቱ ዕጣ ለሐረር አዲስ አይደለም። የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ሲሰጥ መስመሩ በሐረር በኩል ያልፋል ተብሎ ነበር። ዳሩ ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ሐዲዱን ወደዚያ ተራራ ማውጣት ለኩባንያው ኪስ የሚቻል አልሆነም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር፣ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ለጣቢያው በመጀመሪያ የተሰጠው ስም «አዲስ ሐረር» ሲሆን የጸናው ግን ድሬዳዋ የሚለው ነው። ቡናው ከሐረር ተራሮች መውረዱን ቀጠለ። መጋዘኑ፣ ጉምሩኩና የውጭ ኩባንያው ወኪል ግን ወደ ቆላ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ዋጋው የሚቆረጠው ከጀጎል ግንብ ውጭ ሆነ።

በዚያው በድሬዳዋ ጉምሩክ ወንበር ላይ የተቀመጡት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሌላው የባሕር ማዶ ተማሪ ናቸው። በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ምጽዋ ወረዱ። በዚያ ከቆመ የጀርመን መርከብ ውስጥ ተደብቀው አውሮፓ ገቡ። በኦስትሪያና በጀርመን ተምረው፣ በርሊንን አይተው ተመለሱ። ላኪ አልነበራቸውም። የላካቸው የራሳቸው ጉጉት ነው። ከ1909 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በመጀመሪያ የባቡር መስመሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሰበብ ገና በ33 ዓመታቸው አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል። አሳቡ ሲጠቃለል፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ተጎጂ ይሆናል የሚል ነው። ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል ሀገር ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም ይቀበላል። ባቡርም ቢሆን የሚያመርት ሕዝብ ከሌለ ሀብትን ወደ ውጭ ማመላለሻ ከመሆን አያልፍም። በየአውራጃው መንገድ ላይ የሚቆመው ኬላ ንግድን ያፍናልና ቀረጡ አንድ ወጥ ይሁን፤ የመንግሥት ገንዘብም በአንድ ግምጃ ቤት ይግባ ይላሉ። የልማት ኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ ድሃና ሀብታም ሀገሮች የንግድ ሚዛን መከራከር የጀመሩት ከዚህ መጽሐፍ አያሌ ዓመታት በኋላ ነው።

ልብ መባል ያለበት ግን በርሊን ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልጻፈም። ገብረ ሕይወት ከሌላው የሚለዩት የተማሩትን ይዘው የጉምሩክ በር ላይ በመቀመጣቸው ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ የሚያስተዳድር ሰው የንግድ ሚዛን ምን እንደሆነ በቁጥር ያየዋል። የተክለ ሐዋርያትም ትርፍ የተገኘው ጨርጨር ላይ ቡናና ግብር ባለበት ስፍራ ሲሾሙ ነው። የውጭ ትምህርት ዋጋ የሚወሰነው በተማሩበት ከተማ ስም አይደለም፤ ሲመለሱ በሚሰጣቸው ወንበር ነው።

የከሰረው ሂሳብና በሌላ መንገድ የመጣው ትርፍ

ወንበር የተነፈገውን የውጭ ትምህርት የሚያሳይ ገጽም በመዝገቡ አለ። በሐረር ያደጉት ልዑል ተፈሪ መኮንን ወደ ሥልጣን ከመጡ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብጽ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተላኩ። እነዚህ ተመልሰው ሥራ በያዙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢጣሊያ ወረራ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ሰው እየለቀሙ ገደሉ። የአንድ ትውልድ መዋዕለ ንዋይ በወራት ውስጥ ወደመ።

ከነጻነት በኋላ ሐረርጌ ሌላ መንገድ ተመለከተች። ተማሪውን ወደ መምህሩ ከመላክ ይልቅ መምህሩን ወደ ተማሪው ማምጣት ነው። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒካል ኮሌጅ መምህራን መጥተው የአለማያን የእርሻ ኮሌጅ አቋቋሙ። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ ከሐረር ብዙም ወደማይርቀው አለማያ ተዛወረ። በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ኢትዮጵያውያን መምህራኑ ለከፍተኛ ዲግሪ ወደ ኦክላሆማ እየሄዱ ሲመለሱ ወንበራቸው እዚያው ይጠብቃቸው ነበር።

ይሁንና ከዚሁ ኮሌጅ የወጣው የዶክተር ገቢሳ እጀታ ታሪክ ሂሳቡ ሁልጊዜ ቀጥተኛ እንዳልሆነ ያስረዳል። በ1965 ዓ.ም. ከአለማያ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ሀገር ቤት አብዮት ነበርና ከዚያ የሄዱት ወደ ሱዳን ነው። በ1975 ዓ.ም. ለገበሬው የወጣው ድቅል የማሽላ ዘር የሱዳንን ገበሬ ጠቀመ። ከዚያ በፐርዱ ሆነው ያወጡት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለበርካታ የአፍሪካ ሀገሮች ሲዳረስ ኢትዮጵያም ተካፋይ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ማሽላ ለሐረርጌ ገበሬ ዋና እህል ነው። አለማያ የዘራችው ዘር ሱዳንንና ኢንዲያናን ዞሮ፣ ከዓመታት በኋላ በከረጢት ተመልሶ መጣ። ትርፍ የለም አይባልም። ግን መጀመሪያ የበላው ወንበር የሰጠው ነው።

የዛሬው ሴሚስተር ምን ያህል ያወጣል?

በዛሬው ጊዜ እንደ ተክለ ሐዋርያት ከ10 ዓመት በላይ መቆየት ግድ አይደለም። አንድ ሴሚስተር፣ ማለትም ከአምስት እስከ ስድስት ወር፣ በውጭ ተምሮ መመለስ የተለመደ ሆኗል። ይህን ካስፋፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 በአውሮፓ የተጀመረው ኢራስመስ የተባለው የተማሪ ልውውጥ ነው። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የልውውጡ በር ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከፍቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ይዋዋላሉ። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚወስዳቸው ኮርሶች በጽሑፍ ይዘረዘራሉ፤ ላኪው፣ ተቀባዩና ተማሪው ይፈርሙበታል። አንድ ሴሚስተር በአውሮፓ አቆጣጠር 30 ክሬዲት ነው። ተማሪው ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ለኑሮው ድጎማ ይሰጠዋል።

ድጎማ ያላገኘውና በራሱ ገንዘብ የሚሄደው ግን ሂሳቡ ይከብደዋል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን በርሊን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የከተማዋ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ በአመዛኙ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ወጪው ኑሮ ነው። ጀርመን ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባወጣችው ተመን አንድ የውጭ ተማሪ ቪዛ ለማግኘት በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው እንዲያሳይ ጠይቃለች። ለስድስት ወር ሲሰላ 5,952 ዩሮ ይመጣል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዩሮ በባንክ 62 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሂሳብ ይህ ገንዘብ 369 ሺህ ብር ያህል ነው። ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ ዩሮ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በ120 ብር ቢሰላ ያው 5,952 ዩሮ 714 ሺህ ብር ይሆናል። የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ኢንሹራንሱና የቪዛው ወጪ ገና አልተደመረም።

ይህ ለውጥ ሁሉንም በእኩል አልመታም። ለደመወዝተኛ ወላጅ ሴሚስተሩ በእጥፍ ሊጠጋ ተወደደ። ቡናና ጫት ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ ቤተሰብ ግን የሚሸጠውም በውጭ ምንዛሪ የሚተመን ስለሆነ ጉዳቱ ይቀልለታል። ስለዚህ ሁለት የክፍል ጓደኛሞች እኩል ውጤት ይዘው፣ አንዱ የነጋዴ ሌላው የመምህር ልጅ ቢሆኑ በርሊንን የሚያየው ማን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። የድጎማው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በችሎታ የሚመጣውንና በኪስ የሚመጣውን ልዩነት ያጠብባል።

ለላኪው የሚቀርለት ምንድን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አጭሩ ቆይታ ለላኪ ከተማ የተሻለ ውል ነው የሚል ነው። ምክንያቱም ተመላሹ ውሉ ውስጥ አለ። ለሙሉ ዲግሪ የሄደ ተማሪ ሲጨርስ እጁ ላይ ያለው የባዕድ ሀገር ዲግሪ ነው፤ የሚያስመልሰው ነገር የለም። ለአንድ ሴሚስተር የሄደው ግን ዲግሪው ያለው ሀገር ቤት ነው። ካልመለሰው ናፍቆት የጀመረው ትምህርት ይመልሰዋል። የቆየውም ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ ላኪው ሳይሞት፣ ወንበሩ በሌላ ሳይያዝ ይደርሳል።

ይህ ውል የሚሠራው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ በውጭ የተወሰደው ኮርስ ሀገር ቤት ያለማንገራገር መቆጠር አለበት። ካልተቆጠረ ተማሪው ያንኑ ኮርስ እንደገና ስለሚማር ቤተሰቡ ለአንድ ሴሚስተር ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የተመለሰው ልጅ የተማረውን የሚሠራበት ስፍራ በአካባቢው ሊያገኝ ይገባል። ሐረር ግንቧ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበላት፣ በቡናዋ ስም የዓለም ገበያ የሚያውቃት ከተማ ናት። ስለ ቅርስ አያያዝ የተማረ ልጅ በጀጎል፣ ስለ ቡና ጥራትና ግብይት የተማረ ልጅ በቡና ላኪው መጋዘን ሥራ ሊያጣ አይገባውም ነበር። ወንበሩ ከሌለ ግን እንደ ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መውረዱ አይቀርም።

ላኪ ቤተሰብም የቡና ነጋዴ ጭነት ከመስደዱ በፊት የሚያደርገውን ቢያደርግ ይጠቀማል። ነጋዴ ገዥውን ሳያውቅ ጭነት አይሰድም። ራስ መኮንን ብላቴናውን ወደ ሩሲያ ሲሰዱ የሚመለስበትን ወንበር የሚያስይዝ ወረቀት አልነበረም፤ የዛሬው ሴሚስተር ተማሪ ግን ሦስት ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዞ ነው የሚሄደው። የአወዳይና የሐረር ወላጅ ገንዘቡን ከመመንዘሩ በፊት ያንን ወረቀት አስወጥቶ፣ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩ መስመር በመስመር ቢያነብ ይበጀዋል።